አዋሽ የማይፈስስበት ዘፈን

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ፈረንጆች ገናቸውን ባከበሩ ቁጥር የሚያሰሙት «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የተሰኘው ዘፈን ስለ እኛ የተዘፈነ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ልንመረምረው መብትም ግዴታም አለብን።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ማይክል በርክ ከኮረም ያጠናቀረውንና ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸውን ዘገባ አሰራጨ። የሮክ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ያን አይቶ እንቅልፍ አጣ። ከሚጅ ዩር ጋር ተመካከረ፤ ጌልዶፍ ግጥሙን ጻፈ፣ ዩር ሙዚቃውን በቤቱ ስቱዲዮ አቀናበረ። ኅዳር 16 ቀን የዘመኑ ዝነኞች በለንደን አንድ ስቱዲዮ ተሰባስበው ባንድ ቀን ቀዱት፤ ከበሮውን የመታው ፊል ኮሊንስ ነበር። ከዘገባው እስከ ቀረጻው አምስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በዓመት ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሰበሰበ። የዳነ ነፍስ አለና ይህን ውለታ መካድ ነውር ነው።

ይሁን እንጂ ዘፈኑ አንድን አህጉር ወንዝ አልባና ፍሬ አልባ ምድረ በዳ አድርጎ ሣለው። እኔ በምኖርበት በመልካሳ አዋሽ ያን ጊዜም ይፈስስ ነበር፤ ኤሌክትሪክም ያመነጭ ነበር። የግብርና ምርምር ማዕከሉም ያኔ ከተቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ዛሬ ዝናብ አጠር ለሆነው ቆላ የሚስማሙ የበቆሎ ዝርያዎች በመልካሳ ስም ይጠራሉ። ስለ ገናም ከተነሣ፣ ኮረም ያን ጊዜ የነበረችው በወሎ ክፍለ ሀገር ነው፤ የላሊበላ አገር!

ለመሆኑ ዘፈኑ ያልነገረን ምንድን ነው? ሰሜኑን ያነደደውን ጦርነት አልነገረንም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን ሰብስቦ ማስጠንቀቁን፣ መንግሥት ግን በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በድግስ ማክበሩን አልነገረንም። ጥፋተኛው ሰማይ ብቻ ሆነ። ለደርግ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ከየት ይመጣለታል?

«የአራት ደቂቃ ዘፈን የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። መጽሐፉ ግን ነበረ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የገጠሩን ሕዝብ ለረሃብ ተጋላጭነት የመረመሩበትን ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በዚያው በ1984 ነው። ገበሬውን ለረሃብ የሚዳርገው የዝናብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከላዩ የተጫነበት ሥርዓት መሆኑን አሳይተዋል። ዓለም ዘፈኑን ሰማ፤ መጽሐፉን የሰማው ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚቆጨው ግን እኛም አለመስማታችን ነው።

የዘፈኑ 40ኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2024 በአዲስ ቅንብር ሲታወስ ትችቱ ጎልቶ የተሰማው ከዚያው ከውጭ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት፣ ለኢቦላ በድጋሚ በተዘፈነበት ጊዜ፣ አልሳተፍም ያለውም ትውልደ ጋናዊው ፊውስ ኦዲጂ ነው። የእኛ ምሁራንና ከያኒያንስ? ጌልዶፍ ያየውን ዘፈነ፤ ያላየውን ባለመዝፈኑ ብቻ ልንኮንነው አይገባም። ያየነው እኛ ነን፤ የቀበርነውም እኛ ነን። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ የ1977ን ረሃብ ከነምክንያቱ መንገር የእኛ ዕዳ ነው። ዕዳውን ካልከፈልን፣ ነገም ረሃብ በመጣ ቁጥር ሹማምንቱ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ይቀስራሉ፤ እኛም አብረን ወደ ላይ እናንጋጥጣለን።

ቸር ያሰማን።