መስታወቱን ያበላሸው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት ለሳሎኔ መስኮት የብረት ፍርግርግ ላሠራ በያጅ ጠራሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ጨረሰ። ማታ መስታወቱን ስወለውል ግን እጄን ሻከረኝ። ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣቦች! በጨርቅ ብል፣ በሳሙና ብል ንቅንቅ አይሉም።

ለካ ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ የሚረጨው ብልጭታ የጋለ የብረት ቅንጣት ነው። መስታወት ላይ ሲያርፍ ገጹን አቅልጦ ይጣበቃል፤ ሲነሳም ጉድጓዱን ትቶ ነው። ቀለም ቢሆን ይጸዳል። ይሄ ግን ጠባሳ ነው።

ጠዋት ቀሪ ሒሳቡን ሊቀበል ሲመጣ «መስታወቱን ሳትተካ ብር የለም!» አልኩት። አልጮኸም። «ወንድሜ፣ የሚሸፈንበት ነገር ስጠኝ ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጠይቆኛል። እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ «ምንም አይሆንም፣ ቶሎ ጨርስ» ብዬዋለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሰው የጎዳ ይካስ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እዚህ ጋ ጥፋቱ የማን ነው? እሱ የሙያው ሰው ነውና «ሳይሸፈን አልቆርጥም» ማለት ነበረበት። እኔ ደግሞ ተጠይቄ ያቻኮልኩ ነኝ። ታዲያ ሙሉውን ኪሳራ ከላቡ ላይ መቁረጥ ፍትሕ አይደለም፤ ብሩ እኔ ኪስ ስላለ ብቻ የሚሠራ ጉልበት ነው። ብዙዎቻችን ቀን ሠራተኛ ላይ የምናደርገው ይሄንኑ ነው።

በመጨረሻ ሒሳቡን ከፈልኩት። መስታወቱን እኔ ገዛሁ፣ እሱ ያለ ክፍያ በስቱኮ ገጠመው። ሁለታችንም ትንሽ ከሰርን፤ ግን ሳንጣላ ተለያየን።

ቤት የምታሠሩ ልጆች፣ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ አይደል? ሥራ ሳይጀመር መስታወቱን ፎቶ አንሱት። «ቢበላሽ ማን ይከፍላል?» የሚለውን ተነጋግራችሁ ስምምነቱን በቴሌግራም አንድ መስመር ጻፉ። ፎቶውና መልእክቱ እናንተን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም ይጠብቃሉ። የሚቆረጠው ብረት በተቻለ መጠን ውጭ ይቆረጥ፤ መስኮቱ ጋ ግድ ከሆነ መስታወቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ስስ ላስቲክ አያድንም፣ ብልጭታው ይበሳዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የእኔ ነገር ከቅጠልም ያነሰ ነበር፤ አንዲት ጆንያ።