የሰፈር ፕላን ሲመጣ ምን እንጠይቅ?



የዛሬው አዲስ ቃላችን “ፕላን” ነው። ፕላን ማለት በወረቀት ላይ የተነደፈ የሰፈር መልክ ነው። መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ቤቱ የት እንደሚቆም፣ ሱቁና ገበያው የት እንደሚሆን ያሳያል። ፕላን ወረቀት ሳለ በላጲስ ይጠፋል። ሲሚንቶ ከሆነ በኋላ ግን በላጲስ አይጠፋም። ስለዚህ ሰው ሐሳቡን መናገር ያለበት ገና ወረቀት ሳለ ነው።

ሸዋ ሮቢት የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና በውስጧ ያልፋል። በመንገድ ዳር ያለ ቦታ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። እንግዲህ እንበልና፣ አንድ ቀን “በሰፈራችሁ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ያለው ፎቅ ይሠራል፤ ለውይይት ኑ” የሚል ጥሪ መጣ። ምን እናድርግ? እሰየው ብለን እናጨብጭብ? ወይስ ተቆጥተን ቤታችን እንቅር? ሁለቱም አይጠቅምም። ሄደን እንጠይቅ።

ከሌላው ከተማ እንማር። በአዲስ አበባ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በቦሌ ገርጂ የኮንዶሚኒየም ቤት በሙከራ ተጀመረ። ከዚያ በብዙ ሰፈር፣ ቆይቶም በክልል ከተሞች ተሠራ። ቤቱ የሚሰጠው በዕጣ ነበር። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተያዘ። ብዙ ሰው የራሱ ቤት፣ የራሱ ቧንቧና የራሱ መጸዳጃ አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፎቅ ላይ በማገዶ እንጀራ መጋገርና በግ ማረድ ስለማይመች፣ በግቢው የጋራ ማብሰያና ማረጃ ቤት እንዲኖር ታሰበ። አያችሁ? ፕላን የሰውን ኑሮ ሲያውቅ እንዲህ ይሆናል።

ሌላም ወገን አለው። ምድር ላይ ያሉት ሱቆች በጨረታ ነበር የሚሸጡት። ጨረታ ደግሞ የባለ ገንዘብ ነው። በአሮጌው ቤቷ ደጃፍ እንጀራና ጠላ ትሸጥ የነበረች እናት ምን ታድርግ? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደጃፍ የለም። ከመሃል ከተማ ተነሥተው ዳር የገቡት ደግሞ ደንበኞቻቸውን አጡ። የታክሲ ወጪም ጨመረባቸው። ወርኃዊውን ዕዳ መክፈል ያቃታቸው፣ የደረሳቸውን ቤት አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ቤት ተከራዩ።

እዚህ ላይ ሒሳባችንን እንሥራ። 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ማለት፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር 20ውን አስቀድሞ መክፈል ነው። ቤቱ 300,000 ብር ቢሆን ቅድሚያው 60,000 ብር ይሆናል። የቀረው የባንክ ዕዳ ነው፤ ወለድም አለው። “ቤት ታገኛላችሁ” ስንባል ይህንን በደብተራችን አስልተን እንይ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ላይ፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ጽፏል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ፕላን ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ሁለት ነገር አስቀመጠ። አንደኛ፣ ባለይዞታዎች ከመነሣታቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ጉዳዩ እንዲወያዩ። ሁለተኛ፣ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ነባር ባለይዞታዎች በግልም ሆነ በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ። ሕግ በየጊዜው ይሻሻላል። ስለዚህ “ዛሬ የሚሠራበት የትኛው ነው?” ብላችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ።

ሳይመካከሩ መሥራት ምን እንደሚያመጣም አይተናል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያያያዘው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቅ ተቃውሞ ገጠመው። ከዋነኞቹ ቅሬታዎች አንዱ “ሕዝብ አልተማከረበትም፤ ገበሬው ከመሬቱ ይነቀላል” የሚል ነበር። የሰው ሕይወት ጠፋ። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። አስቀድሞ መነጋገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል።

አንዳንዶቻችሁ “እኛ ምን እናውቃለን? መሐንዲሱ የተማረ ነው” ትላላችሁ። መሐንዲሱ ብረትና ሲሚንቶ ያውቃል። የይፋትን ቆላ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ደጋው ላይ ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ወንዙ በየት በኩል እንደሚሰብር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በሙቀቱ ወራት ነፋስ የማያስገባ ክፍል እንደማያስተኛ ታውቃላችሁ። ሽንኩርትና ማሾ የጫነ መኪና የሚቆምበት ቦታ እንደሚያስፈልገው ታውቃላችሁ።

የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ተመልከቱ። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እዚያ ይገናኛል። ግመሉና ፍየሉ ሱቅ ውስጥ አይገባም፤ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ለእንግዳ ሰው ሜዳው ባዶ ቦታ ይመስለዋል። ለእኛ ግን ሜዳውም ገበያ ነው። ይህ ካልተነገረ ወረቀቱ ላይ አይገባም።

“ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ይባላል። በስብሰባ ላይ ግን ዝምታ እንደ “እሺ” ይቆጠራል። ሁሉም እንዲናገር ደግሞ ሁሉም መገኘት አለበት። ስብሰባው በገበያ ቀን ከተጠራ ነጋዴዋ አትመጣም። በጁምአ ሰዓት ከተጠራ ሰጋጁ አይመጣም። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱም አንድ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ፊርማ እንምጣ። በማታው ክፍላችን አንድ አባት “መፈረሙስ አያቅተኝም፤ ምን ላይ እንደምፈርም ነው ማወቅ የምፈልገው” ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓይነት ፊርማ አለ። አንዱ “ተገኝቻለሁ” ይላል። ሌላው “ተስማምቻለሁ” ይላል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከስሞቹ በላይ፣ ከወረቀቱ አናት ላይ ምን ተጽፏል? መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ “ያንብቡልን” በሉ። አናቱ ባዶ ከሆነ አትፈርሙ። ባዶ ወረቀት ነገ ማን ምን እንደሚጽፍበት አይታወቅም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ አትቸኩሉ።

የተናገራችሁትም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ቃለ ጉባኤ ማለት በስብሰባ የተባለው የሚመዘገብበት ጽሑፍ ነው። በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ይቆያል።

በስብሰባው የሚጠየቁ ጥያቄዎች እነሆ፦

1. የሚሠራው ማነው? ገንዘቡስ ከየት ነው?
2. ከሰፈሩ የሚነሣው ማነው? የት ይገባል? መቼ?
3. የቀበሌ ቤት ተከራይ ምን ያገኛል? ከግለሰብ የተከራየውስ?
4. ካሳው ስንት ነው? ከመነሣታችን በፊት ይከፈላል?
5. ሱቆቹ በምን ይሰጣሉ? ለነባር ነጋዴዎችና ለጉሊት ቦታ አለ?
6. የጎርፉ መውረጃ በየት ነው?
7. ቅሬታ ያለው ለማን ያመልክታል? እስከ ስንት ቀን?

ልማትን የሚጠላ የለም። ጥሩ ቤት፣ ንጹሕ ውኃ፣ በቅርብ የሚገኝ ሱቅ ሁላችንም እንፈልጋለን። የምንጠይቀውም ቤቱ ሲቆም እኛም እንድንኖርበት ነው።

የቤት ሥራ፦ ይህን ዐረፍተ ነገር በደብተራችሁ ሦስት ጊዜ ጻፉ። “ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ።” ከዚያ ስለ ሰፈራችሁ፣ እናንተ የምታውቁትን ፕላን ሠሪው ግን የማያውቀውን አንድ ነገር ጽፋችሁ ኑ። በክፍል እናነበዋለን።

ሳምንት በደኅና ያገናኘን።