«የቤት ኮምፒውተር» የማን ነው?

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ ነው። አባቴ ዋጋ እስኪወጣ ያቆየውን በርበሬ ሸጦ መጣና ብሩን ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «እህ፣ አንተ ታውቃለህ፤ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ነገሩ የኮምፒውተር ነው። ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ስለ ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ የሚታመነው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ሳላመነታ «ላፕቶፕ ነው እንጂ አባባ! መብራት ቢጠፋ እንኳ ይሠራል፤ ቦታ አይዝም፤ ሁላችንም እንጠቀምበታለን» አልኩት።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ያቺ «ሁላችንም» ያልኳት ቃል ናት።

ላፕቶፑ ተገዛ። ያገለገለ ነው፤ አዲሱማ አይቀመስም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ተብሎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበርና አንድ ዕቃ ጠዋትና ማታ ዋጋው ይለያያል። ብቻ ተገዛ። ቤት ውስጥ ሁለት ወር ያህል ቆየ። ከዚያ እኔ ግቢ ስገባ አብሮኝ ገባ። ይኸው ሁለተኛ ዓመት ደርሰናል፤ እሱም እኔም ዶርም ነን። ቤት የቀረው ባዶ ካርቶኑ ነው፤ እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች።

ዴስክቶፕ ይሻላል ወይስ ላፕቶፕ የሚለው ክርክር እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁሌም የሚወራው ስለ ራም፣ ስለ ሃርድ ዲስክ፣ ስለ ክብደት ነው። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች መዞር ስላለብን፣ ድምፅ መቅረጽና ማቀናበር ስላለብን ላፕቶፕ ያስፈልገናል፤ በዚህ አልከራከርም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ክረምት ላይ ወደየቤታችን ስንመለስ ቤተሰብ «ለቤት ምን እንግዛ?» ብሎ የሚጠይቀው እኛን ነው። እኛ ደግሞ የምንመልሰው ለራሳችን ነው። የሚሸከሙት ዕቃ ከሚሸከመው ሰው ጋር ይሄዳል፤ ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ቀድሞ የሚሄደው ትልቁ ልጅ ነው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። እንደምታውቁት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለሁሉም በወረቀት መሰጠቱ ቀርቶ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መፈተን ጀምሯል። ባለፈው ክረምት ላፕቶፑን ይዤላት ሄድኩና ማውዝ ሰክቼ ሰጠኋት። ቀስቱ የት እንደገባ እየጠፋባት ማውዙን ከጠረጴዛው ጫፍ ድረስ እየገፋች ታወርደዋለች። ስሟን ለመጻፍ አንዱን ፊደል ካንዱ ስትፈልግ ደቂቃዎች አለፉ። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ሒሳብ ላይ እኔን ታስከነዳለች። እጇ ብቻ ነው ያልለመደው። በሳምንቱ ግን ማውዙን እንደ ጉድ ታሽከረክረው ጀመር። ልመለስ ሻንጣ ሳዘጋጅ መጥታ «ይዘኸው ነው የምትሄደው?» አለችኝ። «አሳይመንት አለብኝ እኮ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ፈተናው ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ሲወጡ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልዳረሰ ብዙ ተማሪ በሶፍት ኮፒ ነው የተማረው፤ በፍላሽ እየተቀባበለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜም ዋጋ የነበረው በፍላሽና በሃርድ ዲስክ የተቀመጠው ነገር ነበር። ያንን መጽሐፍ እህቴ የምታነበው በእናቴ ስልክ ነው። የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ በመዳፍ በምታክል ስክሪን እየጎተቱ ማንበብ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። መሀል ላይ አክስቴ ከደወለች ደግሞ ትምህርቱ አበቃ።

«መብራቱስ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም አባቴን ያሳመንኩት በእሱ ነው። እውነት ነው፣ ዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ግን እስቲ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ አስፋልቱ ዳር ያሉትን የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተመልከቱ። መብራት ሲጠፋ ኪሳራው የእነሱ ነው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ግን በአብዛኛው ዴስክቶፕ ነው። ማመልከቻ የማስጽፍበትን ልጅ ይህንኑ ብጠይቀው ከት ብሎ ሳቀና ሲፒዩውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ እኮ ስንቴ ሞቶ ተነሥቷል!» አለኝ። ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ተቀይሯል፤ ራሙ ተጨምሯል፤ ኪቦርዱማ አልቆ አልቆ ስንተኛው እንደሆነ ረስቶታል። አንዱ ሲበላሽ አንዱን መቀየር ነው። ከሥሩ ዩፒኤስ አለችው፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ታቆይለታለች፤ የጻፈውን ሴቭ አድርጎ በሰላም ያጠፋል። ለቤትም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። እኔ እንደታዘብኩት እኛ ጋ ኮምፒውተር የሚጎዳው መብራቱ ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ሲመጣ በሚያመጣው ጉልበትም ነው።

የኔ ላፕቶፕ በበኩሉ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ባትሪው ሞተ። ምትክ ብፈልግ ለዚያ ሞዴል የሚሆን ጠፋ፤ «ከአዲስ አበባ እናስመጣልህ» ያለኝ ጥገና ቤት እስካሁን እያስመጣልኝ ነው። ስለዚህ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። በሌላ አነጋገር ዴስክቶፕ ሆኗል፤ ያውም ስክሪኑ ትንሽ የሆነ ዴስክቶፕ። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኦስቦርን 1 የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር 11 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ የራሱ ባትሪም አልነበረውም። የዶርም ልጆች የኔንም «ኦስቦርን» ይሉታል፤ ታሪኩን የነገርኳቸው እኔው ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ከከተማ ወጣ ብለን መብራት ያልገባበት ቀበሌ ከሄድን ግን ይህ ሁሉ ክርክሬ አይሠራም። እዚያ ዴስክቶፕ ዕቃ ብቻ ነው የሚሆነው። ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከተማ ቻርጅ ተደርጎ ቢመለስ ይሻላል። የምናገረው ቢቆራረጥም መብራት ስላለው ቤት ነው።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ባጠቃላይ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ነጋዴው «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብሎ ሲያሞካሽላችሁ «ስንተኛ ትውልድ?» በሉት። አሮጌው ወዲያው መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም፤ ኢንተርኔት በማይገባበት ቤት መጽሐፍ ለማንበብና ለመለማመድ ይበቃል። ዋጋው ግን እንደ አሮጌነቱ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወለ። የዘንድሮውንም በርበሬ ሊሸጥ ነው። «ለልጅቷ እንደ አንተው ያለውን ልግዛላት?» አለኝ። «ዴስክቶፕ ግዛ፤ ዩፒኤስም ጨምርበት» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ባለፈው ላፕቶፕ ነው የሚሻለው አላልከኝም?» አለኝ። «ያኔ ለኔ ነበር የመረጥኩት» አልኩት። ስልኩ እንደተዘጋ የመሰለኝ ለካ እየሳቀ ነው።

አሁን የቀረው የቦታ ጉዳይ ነው። ጠረጴዛው ከቴሌቪዥኑ ጎን ይሁን ተብሏል። እናቴም ለሞኒተሩና ለሲፒዩው የሚለበስ ዳንቴል መሥራት ጀምራለች አሉ፤ የሲፒዩውን አየር መውጫ እንዳትሸፍንብን ለእህቴ አደራ ብያታለሁ።