ከሰውየው በፊት ውሃው ይመርመር

እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ሄይቲ ውስጥ ከ40 በላይ የቩዱ ካህናት በመንጋ ተገደሉ፤ በቆንጨራ፣ በድንጋይ። ገሚሱ አስከሬን መንገድ ላይ ተቃጠለ። ክሱ አንድ ነበር፦ ኮሌራን በዱቄት መድኃኒት የሚነዙት እነሱ ናቸው።

ቩዱ ከዛሬዋ ቤኒንና ከኮንጎ ምድር በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት እምነት ነው። ካህናቱ፣ ሁንጋንና ማምቦ፣ ጸሎት ይመራሉ፤ በቅጠልና በሥር ያክማሉ። ለክፋት የሚደግመውን ቦኮር ምእመኑ ራሱ ይፈራዋል። በወረርሽኙ ድንጋጤ ግን ፈዋሹም መርዘኛ ተባለ።

በሽታው የመጣው ከሌላ ነው። ሚርባሌ ከተማ አጠገብ ከሰፈሩ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ የወጣ ፍሳሽ ገባር ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም የሸለቆው ገበሬ የሚጠጣውን፣ የሚታጠብበትንና ሩዙን የሚያጠጣበትን የአርቲቦኒትን ወንዝ በከለ። ወደ 800 ሺህ ሰው ታመመ፤ 10 ሺህ ያህሉ ሞተ። የያኔው የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ የጠየቁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ካህናቱን ለመፍጀት ሁለት ወር በቅቷል።

ይህን የምጽፈው በነርስነቴ ነው። አማራ ክልል ገጠር ውስጥ በአተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ማከሚያ ድንኳን ሠርቻለሁ። በሽተኛው ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ በቃሬዛ ይደርሳል። ለምን ዘገያችሁ ስንል፣ «ቡዳ በልቶት መስሎን ስናስለፈልፍ ነበር» ይሉናል። ተለፍልፎ የወጣው ስም ደግሞ የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ነው፤ የመንደሩን ማረሻና ምጣድ የሚሠራ፣ ግን ዘመድ የማይሆኑት ሰው። አተት በሰዓታት ይገድላል። ኦአርኤስ ጠጥቶ ሊተርፍ የሚችል ልጅ ስም ሲጠየቅ ያልቃል፤ ምንጩ ሳይታከም ጎረቤቱም ይከተላል።

እምነት ይታገድ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1941 ሄይቲ ውስጥ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቩዱን መቅደስና ከበሮ ብታቃጥልም እምነቱ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት በሃይማኖትነት አውቆታል። የምቃወመው በሽታን በሰው ስም መጥራትን ነው። ጣቱ የሚቀሰረው ደካማው ላይ ነው፤ ውሃውን የበከለው ሳይጠየቅ ያልፋል።

ስለዚህ ቄሶች፣ ሼኮችና የአገር ሽማግሌዎች የመጀመሪያው በሽተኛ በተሰማ ዕለት «ስም አትጥሩ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱ» ብለው በአደባባይ ይናገሩ። ቀበሌውም የተጠረጠረውን ቤተሰብ ይጠብቅ፤ ጤና ጣቢያውም ያን ዕለት ውሃውን ያስመርምር። ሄይቲ ላይ ይህ ቀርቶ ንጹሐን አልቀዋል።