የራይት ወንድማማቾችና አባታቸው

ልጅ የአባቱን ሰዓት ፈታትቶ ቢገኝ በብዙ ቤት የሚጠብቀው ቁጣና አለንጋ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን የምናወሳላችሁ ሁለት ወንድማማቾች ግን ያደጉት መፍታትና መግጠም እንደ ጥፋት በማይቈጠርበት ቤት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዊልበር ራይት በ1867፥ ታናሽ ወንድሙ ኦርቪል በ1871 ዓ.ም. በአሜሪካ ተወለዱ። አባታቸው ሚልተን ራይት የአንድ የፕሮቴስታንት ማኅበር ጳጳስ ስለ ነበሩ፥ ለአገልግሎት እየተዘዋወሩ ብዙ ጊዜ ከቤታቸው ይርቁ ነበር። በ1878 ዓ.ም. ከመንገድ ሲመለሱ ከቀርከሃ፥ ከቡሽና ከወረቀት የተሠራ፥ የተጠመዘዘ ላስቲክ የሚያሽከረክረው አንድ መጫወቻ ይዘው መጡ። መጫወቻው ከእጅ ሲለቀቅ ወደ ጣሪያው ይበር ነበር። ልጆቹም እስኪሰበር ድረስ ከተጫወቱበት በኋላ አምሳያውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። እናታቸው ወይዘሮ ሱዛን በሠረገላ ሠሪ አባት ቤት ያደጉ ባለ ሙያ ስለ ነበሩ፥ ልጆቹ የእጅ ሥራ ብልሃትን የተማሩት ከእርሳቸው ነው።

ወንድማማቾቹ ካደጉ በኋላ በ1892 ዓ.ም. በዴይተን ከተማ የብስክሌት ሱቅ ከፈቱ። በ1896 ዓ.ም. ኦቶ ሊሊየንታል የተባለው ጀርመናዊ በሠራው ክንፍ ሲንሳፈፍ ወድቆ መሞቱን በሰሙ ጊዜ የልጅነት አሳባቸው ተቀሰቀሰ። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በኪቲ ሆክ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ሞተር በሌለው ክንፍ መንሳፈፍን ተለማመዱ። በ1901 ዓ.ም. ክንፉ በስሌት የጠበቁትን ያህል ባያነሣቸው፥ ተስፋ በመቍረጥ ፈንታ ሌሎች የጻፉትን ቍጥር እንደ ገና መረመሩ። ረጅም የእንጨት ሣጥን ሠርተው በውስጡ ነፋስ እያሳለፉ ወደ 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾችን ፈተኑ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

ዴሴምበር 17 ቀን 1903 ዓ.ም. ኦርቪል ሞተር ባለው አይሮፕላን ለ12 ሴኮንድ በረረ፤ የተጓዘውም ርቀት 36 ሜትር ያህል ነበር። በዚያው ቀን በአራተኛው ሙከራ ዊልበር 59 ሴኮንድ በአየር ላይ ቆይቶ 260 ሜትር ያህል ተጓዘ። የምሥራቹንም በቴሌግራም ለአባታቸው ላኩ።

አባትየው በልጆቻቸው ሥራ ደስ ቢላቸውም ስጋት ግን አልተለያቸውም። ስለዚህ ሁለቱን ልጆች በአንድ ቀን እንዳያጡ፥ ወንድማማቾቹ አብረው ላይበሩ ቃል ገቡላቸው። ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። በ1908 ዓ.ም. ኦርቪል የሚነዳው አይሮፕላን ወድቆ አብሮት የነበረው ሌተናንት ቶማስ ሰልፍሪጅ ሞተ፤ ኦርቪልም ክፉኛ ቆሰለ። እኅታቸው ካትሪን የመምህርነት ሥራዋን ትታ አስታመመችው።

ሜይ 25 ቀን 1910 ዓ.ም. ግን አባታቸው ፈቀዱና ሁለቱ ወንድማማቾች ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አብረው በረሩ። በዚያው ቀን የ81 ዓመቱ ሽማግሌ ራሳቸው ከኦርቪል ጋር ተሳፈሩ። አንድም ጊዜ በረው አያውቁም ነበርና ይደነግጡ ይሆናል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፥ «ከፍ በል ኦርቪል፥ ከፍ በል» አሉት።

ዊልበር ከሁለት ዓመት በኋላ በታይፎይድ በሽታ በ45 ዓመቱ ሞተ። ኦርቪል እስከ 1948 ዓ.ም. ኖረ።

ወላጆች ሆይ፥ ያ መጫወቻ ዋጋው ትንሽ ነበር። ልጆቹን ወደዚያ ከፍታ ያደረሳቸው፥ እየፈሩም ቢሆን መንገዱን ያልዘጋባቸው አባት ነው። እንግዲህ ልጃችሁ የፈታታውን ዕቃ ይዞ በፊታችሁ ሲቆም፥ ከመቈጣታችሁ በፊት ምን ሊሠራ እንዳሰበ ጠይቁት።