ዶሮ ወጡ ይቅር ወይስ ወይኑ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአሜሪካ፣ ከኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ከተማ ነው። ጸሐፊዋ እናቷን ከእጮኛዋ ወላጆች ጋር ልታስተዋውቅ እራት ደግሳለች። እናት በርበሬና ቅቤ ከአዲስ አበባ ተሸክመው መጥተዋል፤ ያለ ዶሮ ወጥ እንግዳ ተቀብለው አያውቁም። የልጁ አባት ደግሞ ፒኖ ኑዋር የሚባለውን ቀይ ወይን ራሳቸው አልምተው ራሳቸው የሚጠምቁ ሰው ናቸውና ጠርሙሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። «እጮኛዬ፣ ዶሮ ወጡ የአባቴን ወይን ይገድለዋል ይለኛል። እማዬን አትሥሪ ብላት ደግሞ ታለቅሳለች። ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

እህቴ፣ እጮኛሽ አልዋሸም። ግን መጀመሪያ ወይኑን እወቂው።

ፒኖ ኑዋር የፈረንሳይ፣ የቡርጎኝ ልጅ ነው። ቆዳው ስስ፣ ጠባዩ ቅምጥል ነው። ሞቃት አገር ሲተከል ቶሎ ይበስልና ስኳሩ አይሎ ኮምጠጥ ማለቱ ይጠፋል፤ መዓዛውም ይደበዝዛል። ቀዝቀዝ ያለ አገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚበስል የቼሪና የእንጆሪ ሽታው፣ ዝናብ የመታው አፈር የሚመስለው ጠረኑ ሁሉ ይቀራል። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው። እንደ ከረረ ሻይ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚሉት ነገርም በሱ ላይ ትንሽ ነው።

ይህ ወይን እናንተ አገር ታሪክ አለው (ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ዴቪድ ሌት የተባለ ወጣት በ1960ዎቹ አጋማሽ ዊላሜት ሸለቆ ውስጥ ችግኙን ሲተክል፣ በዚያ ዝናብና ብርድ ደህና ቀይ ወይን ይወጣል ብለው ያመኑ ጥቂት ነበሩ። በ1979 ፓሪስ ላይ በተደረገ ውድድር የሰውዬው የ1975 ምርት ከቡርጎኝ ታላላቆች ጎን ቆሞ ከፊተኞቹ ተርታ ገባ። በ1980 ሮበር ድሩዌ የተባሉት የቡርጎኝ ነጋዴ ቅምሻውን ቢያስደግሙ 2ኛ ወጣ። የድሩዌ ቤተሰብ በ1987 ራሱ መጥቶ ኦሪገን ውስጥ መሬት ገዛ! እንግዲህ የወደፊት አማትሽ ጠርሙሱን ይዘው ሲመጡ የሚይዙት መጠጥ ብቻ አይደለም። እናትሽም ያን ሁሉ መንገድ የተሸከሙት በርበሬ ብቻ አይደለም።

ጠቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሰዋል፤ የወይኑ ስስ መዓዛ ደግሞ ቁሌቱ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ሁለቱን ባንድ ጉርሻ አታገናኚያቸው። ስለዚህ እራቱን በሁለት ዙር አድርጊው።

በመጀመሪያው ዙር ወይኑ ይንገሥ። እዚያው የምታገኚውን ሳልመን ዓሣ ጠብሰሽ አቅርቢ። ቀይ ወይን ከዓሣ ጋር አይሄድም የሚሉሽን አትስሚ፤ ታኒኑ ትንሽ ስለሆነ ፒኖ ኑዋር ቅባት ያለው ዓሣ አይጠላም። እንጉዳይ በቅቤና በሮዝመሪ ጠብሺ፤ የአፈር ጠረኑን የሚያወጣው እሱ ነው። ቀይ ሥርም ይስማማዋል። እናትሽን ደግሞ «እማዬ፣ ያንቺን የበግ አልጫ ሥሪልኝ» በያቸው፤ ቃሪያው ይቅር፣ እርዱ ቀለል ይበል። ወይኑን ከመክፈትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ቀይ ወይን ሞቅ ብሎ ነው የሚጠጣ እያሉ ምድጃ አጠገብ የሚያቆሙት ሰዎች ያናድዱኛል።

ከዚያ የወይኑ ብርጭቆ ይነሣና ዶሮ ወጡ ይግባ፣ ከነእንቁላሉ፣ ከነአይቡ። አጠገቡ ጣፈጥ ያለ ጠጅ ይቅረብ፤ ጣፋጭ ነገር ማቃጠሉን ያበርደዋል። ወይን የሚጠምቅ ሰው ማር በጌሾ እንዴት እንደሚጣል መስማት አይጠላም፣ እናትሽ ያስረዷቸው፤ አንቺ አስተርጉሚ። ለእጮኛሽም አባቱን ቀደም ብሎ እንዲነግራቸው ንገሪው፣ ዶሮው ድንገት እንዳይመጣባቸው።

ቀኑን ግን አልጻፍሽልኝም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ እናትሽ ዶሮውንም አልጫውንም አይቀምሱምና ወደ ቅዳሜ አዙሪው።