የሁለት የን ጭንቀት

በአገራችን የጃፓን ስም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው መርከቧ፤ ፋብሪካዋና የመሪዎቿ ብልሃት ነው። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ከጻፉ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከተማረው ሰው አፍ አልጠፋም። እኔ ግን ዛሬ ላወጋችሁ የምወደው በዚያው በሥልጣኔው ዘመን በቶኪዮ ከተማ ርካሽ ከረሜላና ጥቃቅን የቤት ዕቃ ትቸረችር ስለ ነበረች አንዲት ወጣት ደራሲ ነው። ስሟ ሂጉቺ ኢቺዮ ይባላል። ዓመቱን ሁሉ የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኢቺዮ የብዕር ስሟ ሲሆን ትርጓሜው «አንዲት ቅጠል» ማለት ነው፤ ወላጆቿ ያወጡላት ስም ናትሱ ነበር። የተወለደችው በ1872 ነው። አባቷ የገበሬ ልጅ ሲሆኑ የሳሙራይን፤ ማለት የባለ ሰይፉን ወገን ማዕርግ በገንዘብ ገዝተው ነበር። ዳሩ ግን ማዕርጉን ገዝተው ሳይጠግቡት የ1868ቱ ለውጥ መጣና አሮጌው ሥርዓት ፈረሰ።

ልጅቱ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ሳለች በ11 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጣች። እናቷ ለሴት ልጅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አይበጃትም፤ ስፌትና የቤት ሙያ ትማር አሉ። አባቷ ይህን ባይወዱም ሊመልሱት አልቻሉም፤ ነገር ግን በ1886 ናካጂማ ኡታኮ ከሚባሉ እመቤት የግጥም ትምህርት ቤት አስገቧት። በዚያም ጓደኞቿ የመኳንንትና የባለጸጋ ልጆች ነበሩ። እርሷ በአሮጌ ልብስ መካከላቸው ተቀምጣ በግጥም በለጠቻቸው።

ከዚህ በኋላ መከራው ተከታተለ። ታላቅ ወንድሟ በ1887 ሞተ፤ አባቷም ንግዳቸው ከስሮ በ1889 ሞቱ። እናቷንና ታናሽ እኅቷን ኩኒኮን የማስተዳደሩ ነገር በ17 ዓመቷ ልጃገረድ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሦስቱ ሴቶች የሰው ልብስ እየሰፉና እያጠቡ ይኖሩ ጀመር። በዚህ መካከል የግጥም ጓደኛዋ ታናቤ ካሆ ልብ ወለድ ታሪክ አሳትማ 33 የን ያህል መቀበሏን አወቀች። ኢቺዮ ልብ ወለድ ለመጻፍ የቈረጠችው በዚህ ምክንያት ነው። የጥበብ ጥሪ ጠራት ከማለት ይልቅ የጓዳው ባዶነት ጠራት ማለት ይቀላል፤ እኔም በዚህ አላፍርላትም።

በ1891 ናካራይ ቶሱይ የሚባል የጋዜጣ ደራሲ የአጻጻፍ መምህሯ ሆነ። ሐሜት ስለ ተነሣ በ1892 ተለየችው። የድርሰቱ ገቢ አልበቃ ስላለም በ1893 ከእናቷና ከእኅቷ ጋር ወደ ሪዩሴንጂ ሰፈር ሄዳ ሱቅ ከፈተች። ይህ ሰፈር መንግሥት ከፈቀደው የሴተኛ አዳሪዎች መንደር ከዮሺዋራ አጠገብ ነው።

ከዚህ ላይ ከብዙ አድናቂዎቿ እለያለሁ። ችግር ብልሃትን ይወልዳል፤ ኢቺዮን ደራሲ ያደረጋት ያ ሱቅ ነው ይላሉ። በሱቁ ያየችው እንደ ጠቀማት አልክድም። ነገር ግን ሱቁ ክፍት በነበረበት ዓመት የጻፈችው ጥቂት ነው። ታላላቆቹን ድርሰቶች የጻፈችው በ1894 ሱቁን ዘግታ ወደ ሌላ ሰፈር ከተዛወረች በኋላ፤ በ14 ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ችግር ያሳያት ይሆናል፤ ያጻፋት ግን ጊዜ ነው።

«ኦትሱጎሞሪ» በተባለው ድርሰቷ አንዲት ገረድ ያሳደጋት አጎቷ ታሞ የዕዳው ወለድ ስለ ጨነቀው እመቤቷን ሁለት የን ብድር ትለምናለች። እመቤቲቱ እሺ ካለች በኋላ ትክዳለች፤ ገረዲቱም በአውደ ዓመት ዋዜማ ከመሳቢያው ሁለት የን ትሰርቃለች። ሁለት የን! ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በ2004 የጃፓን ባንክ የዚህችኑ ደራሲ መልክ በ5,000 የን ኖት ላይ አተመ፤ በ2024 አዲስ ኖት እስኪተካውም ድረስ ኢቺዮ በየኪሱ ስትዞር ኖረች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ታኬኩራቤ» ነው። የዮሺዋራ ጎረቤት ልጆች ታሪክ ነው። ሚዶሪ የምትባለው ልጅ እኅቷ በዚያ መንደር ስመ ጥር ስለሆነች እርሷም የዚያው ዕጣ ይጠብቃታል። አንድ ቀን በዝናብ የካህኑ ልጅ የእንጨት ጫማው ማሰሪያ ከደጃፏ ይበጠስበታል። ሚዶሪ ማሰሪያ እንዲሆነው አንድ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ወርውራለት ትገባለች፤ እርሱ ግን አፍሮ ሳያነሣው ይሄዳል። ጨርቁ በዝናቡ ውስጥ ይቀራል። ፍቅር የሚል ቃል የተነገረበት ስፍራ የለም፤ አንባቢው ግን ያን ጨርቅ አይረሳውም።

በ1896 በሚያዝያ ወር በዘመኑ የተከበሩት ሐኪምና ደራሲ ሞሪ ኦጋይ ይህን ድርሰት በመጽሔታቸው እጅግ አመሰገኑት። ያን ጊዜ ኢቺዮን የሳምባ ነቀርሳ ይዟት ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 23 ቀን በ24 ዓመቷ ሞተች። (እኔ በ24 ዓመቴ ገና የመመረቂያ ጽሑፌን ሳርም ነበርኩ።) ኦጋይ የመኰንን ልብሳቸውን ለብሰው በፈረስ ሆነው አስከሬኗን ለማጀብ ቢጠይቁም ቤተ ሰቦቿ በትሕትና እንቢ እንዳሉ ይነገራል። ቀብሯ ጥቂት ሰው ብቻ የተገኘበት ነበር።

ወረቀቶቿን ያስቀመጠችው እኅቷ ኩኒኮ ናት። የዕለት ማስታወሻዋ በ1912 ታተመ፤ በውስጡም ከግጥሙና ከሰው ጠባይ ትዝብት ጋር ገንዘብ ልትበደር የሄደችባቸው ቤቶች ተጽፈው ይገኛሉ።